ፓምፑ ሲደክም ቫልቩ ይታይ
(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እዚህ ካማሺ ዝናቡ ካቆመ በኋላ የአትክልት ቦታችንን የሚያኖረው የውሃ መሳቢያ ሞተሩ ነው። በየካቲት ፀሐይ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ውሃ ካጣ የቁጠባችን ገንዘብም አብሮ ይደርቃል። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ስለ ቫልቭ ነው። የወንዶች ጉዳይ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ፓምፑ ሲቆም ጀሪካን ይዞ ወንዝ የሚወርደው ማን እንደሆነ አስቡ።

ባለፈው በጋ ሞተራችን ጠዋት ይነሣል፤ ሠርቶ ከጋለ በኋላ ግን አንዴ ከጠፋ ገመዱን ብንስብ ብንስብ እምቢ ይላል። ካንዴላ ተቀየረ፣ ካርቡሬተር ታጠበ፣ ለውጥ የለም። ያየው ሰው «አልቆለታል፣ አዲስ ግዙ» አለን። ያን ገንዘብ ብናወጣ ለአባላት የምናበድረው አይተርፍም ነበር። መጀመሪያ ቫልቩ ይታይ አልን።

ብዙ ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች፣ የሣር ማጨጃ ሞተሮችም ጭምር፣ ሁለት ቫልቭ አላቸው። አንዱ አየርና ቤንዚን ያስገባል፣ ሌላው ጭሱን ያስወጣል። ግጥም ብለው ካልተዘጉ ክዳኑ እንዳልገጠመ ድስት ነው፤ ጉልበቱ ያመልጣል። ቫልቩ በሠራ ቁጥር መቀመጫውን እየበላ ይሰምጣል፤ በእሱና በሚገፋው ብረት መካከል ያለው ክፍተትም ይጠባል። ሞተሩ ሲግል ብረቱ ይረዝማል፤ የቀረችው ክፍተት ትጠፋና ቫልቩ ሳይዘጋ ይቀራል። ጠዋት ተነሥቶ ቀን እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

ሥራው ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ነው። ካንዴላው ይፈታል፤ ቀዳዳውን በአውራ ጣት ደፍኖ ገመዱን ቀስ እያሉ መሳብ። አየሩ ጣትን ሲገፋ ፒስተኑ ወደ ላይ እየመጣ ነው፤ ጫፍ ሲደርስ ማቆም። ከዚያ የቫልቩ ክዳን ተከፍቶ ክፍተቱ በስስ የብረት መለኪያ ይለካል። ለሆንዳ ጂኤክስ 160 በማስገቢያው 0.15፣ በጭስ ማውጫው 0.20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሌላ ዓይነት ሞተር የራሱ ልክ አለው። ዳዶውን አላልቶ ማስተካከል፣ ጠበቅ አድርጎ እንደገና መለካት። ሲጠብቅ ልኩ ይዛባልና ሁለተኛው መለካት አይዘለልም። የእኛው የጭስ ማውጫ ቫልቭ ክፍተት ጭራሽ አልነበረውም። ከተስተካከለ በኋላ በጋውን ሁሉ ሠራ።

ክፍተቱ ልክ ሆኖም ካልተነሣ ቫልቩ ወይም መቀመጫው ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ያ ቴስታታ ማውረድ ስለሚጠይቅ ለባለሙያ ይሰጥ፤ ግን ነቀምት ወይም አሶሳ ድረስ ከመጫን በፊት ምን እንደሚጠገን አውቀን እንላከው።

ሞተር ለምትለግሱን ወዳጆች አንድ ነገር እንለምናለን፦ ከሞተሩ ጋር መለኪያውንና መጠባበቂያ ጓርኒሲዮን ጨምሩልን። ዋጋው ትንሽ ነው፤ እዚህ ግን ተፈልጎ አይገኝም።

የሁለተኛው ቡድን ፓምፕ እሑድ ከቡና በኋላ ይከፈታል። መቀዝቀዝ አለበትና ጠዋት ማንም እንዳያስነሣው።