አንድ መኪና ብቻውን ውድድር የለውም

(ከገና በዓል በፊት በደብረ ማርቆስ ለተሰበሰቡ ደጋፊዎች የተደረገ ንግግር)



የጌታችን የልደት በዓል እየቀረበ ስለ ሆነ ስለ በዓል ስጦታ እንድናገር ተጠይቄአለሁ። የልማት ሠራተኛ ስለ ስጦታ ሲናገር ብዙ ጊዜ ቍጥር ይጠራል፤ ይህን ያህል ብርድ ልብስ፥ ይህን ያህል ኩንታል እህል ይላል። እኔ ግን ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ የመጫወቻ መኪናና ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

በ2013 ዓ.ም. ለገና የተላኩልንን የስጦታ ካርቶኖች ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ስናድል፥ ዐሥር ዓመት ለሚሆነው ለአንድ ልጅ ቀይ የውድድር መኪና ደረሰው። ይህ ልጅ የመኪና ውድድር ከተባለ እንጀራውንም ይረሳል። በሻይ ቤት ቴሌቪዥን ውድድር ሲታይ በር ላይ ቆሞ ይመለከታል፤ የነጂዎቹንም ስም በቃሉ ያውቃል። ከሽቦ መኪና ይሠራል፤ ጎማውን ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ይቆርጣል፤ ረጅም የሽቦ መሪ ያበጅለትና በአፉ ሞተር እያስጮኸ ቁልቁለቱን ይወርዳል።

ይህ የእሽቅድምድም ፍቅር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በባሕር ዳር መንገድ ላይ በምትገኘው በእንጅባራ፥ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የ1888ቱን የዓድዋ ድል በማሰብ ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ሲጋልቡ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። አባቶች ፈረስ እንደሚወዱ ልጁም መኪና ወደደ። ስለዚህ ካርቶኑን ከፍቶ ቀዩዋን መኪና ባየ ጊዜ የነበረውን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን የሽቦ መኪናውን ብቻ ሲነዳ አየሁት።

«መኪናህስ የት አለች?» አልሁት።

«የለችም፥ ጋሼ» አለኝ።

«ጠፋችብህ?»

«አልጠፋችም።»

«ታዲያ ሸጥሃት?»

ዝም ብሎ መሬት መሬት አየ። እኔም በልቤ፦ ሸጧታል አልሁ። ለፋሲካ የሚረዱትን ልጆች ዝርዝር ሳዘጋጅም የዚህን ልጅ ስም ተውሁት። ማንም አላዘዘኝም፤ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ስጦታን የማያከብር ሌላ ስጦታ አይገባውም ብዬ ፈረድሁ።

ታስታውሱ እንደ ሆነ፥ በዚያ ዓመት ከመተከል የተፈናቀሉ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ወገኖቻችን ቻግኒ አጠገብ ራንች በሚባለው ቦታ ተጠልለው ነበር። ወደ ዘመዶቻቸው የሄዱም ነበሩ። በመጋቢት ወር በከተማችን ዳር ከዘመድ ዘንድ የተጠጋች አንዲት እናት ልጠይቅ ሄድሁ። የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ስለ ነበረች በእኛ ዝርዝር ውስጥ አልነበረችም። ከግቢው ስደርስ ልጅዋ በደጅ ይጫወት ነበር፤ በእጁም ያች ቀይ መኪና ነበረች። አንዱ ጎማ ተሰብሮ በነጠላ ጫማ ቁራጭ ተተክቶአል። የማን እጅ እንደ ጠገነው ወዲያው ዐወቅሁ። ጥቂት ቆይቶም ያ ልጅ የሽቦ መኪናውን እየነዳ መጣ።

ባየኝ ጊዜ ደነገጠ። «ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት። «ስጦታው ለቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ነው ብላችሁ ነበር፤ ለእርሱ ሰጠሁት ብል ትቀሙታላችሁ ብዬ ፈራሁ» አለኝ። «አንተ እኮ ከሁሉ አብልጠህ የምትወዳት መኪና ናት፤ እንዴት ሰጠሃት?» ስለው ግን ጥያቄዬ አስገረመው። «ጋሼ፥ አንድ መኪና ብቻውን ምን ውድድር አለው?» አለኝ።

ወገኖቼ፥ በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት በተቀመጥሁባቸው ዓመታት ስለ መስጠት ብዙ ተምሬአለሁ። እንዲህ አጭር የሆነ ትምህርት ግን አልሰማሁም። እኛ ስጦታውን በቤተ ክርስቲያናችን ደጅ አቆምነው፤ ልጁ ግን ደጁን አሻገረው። በዚያው ስፍራ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ስሙንም ወደ ዝርዝሩ እንደምመልሰው ነገርሁት። እርሱም፦ «እርሱንስ ይጽፉታል?» ብሎ ወደ ጓደኛው አመለከተ። ሁለቱንም ጻፍኋቸው።

በአገራችን የተሰጠንን ስጦታ ለሌላ ሰው መስጠት እንደ ነውር ይቈጠራል። ሰጪው ቢሰማ «ናቀኝ» ብሎ ያዝናል። ነገር ግን ሌላም ልማድ አለን፤ ይኸውም ጎረቤት በሳሕን ምግብ የላከልን እንደ ሆነ ሳሕኑን ባዶውን አንመልስም። እናቶቻችን ስጦታ ከአንድ ቤት ገብቶ እንዲቀር እንዳልተሰጠ ያውቃሉ ማለት ነው።

ቃሉም ይህንኑ ያስተምረናል። በ2ኛ ነገሥት 4፥42-44 አንድ ሰው ለነቢዩ ለኤልሳዕ ከበኵራቱ ሃያ የገብስ እንጀራ አመጣለት። ራብ በምድር ላይ የነበረበት ዘመን ነው። የደጋ ሰው ሆይ፥ በራብ ዘመን የገብስ እንጀራ ምን እንደ ሆነ ማንም ሊነግርህ አያስፈልግም! ስጦታው የነቢዩ ነበር፤ እርሱ ግን ሕዝቡ እንዲበላው አዘዘ። ሎሌው ይህ ለመቶ ሰው እንዴት ይበቃል ብሎ ተጠራጠረ። በጌታም ቃል ሁሉም በሉ፥ ተረፈም። እንጀራው የበዛው ወደ ሕዝቡ ባለፈ ጊዜ መሆኑን አስተውሉ።

ልጁ ከሚወደው ከመኪና ውድድርም አንድ ምሳሌ ላምጣ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ኮሮና በተነሣ ጊዜ፥ ለመርሴዲስ የፎርሙላ ዋን ቡድን ሞተር የሚሠሩ መሐንዲሶች ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሰዎች ጋር ሆነው ለሕሙማን የመተንፈሻ መርጃ መሣሪያ ሠሩ። ቀድሞ የነበረውን መሣሪያ ፈትተው አጠኑና፥ ከመጀመሪያው ስብሰባቸው አንሥቶ 100 ሰዓት ሳይሞላ የመጀመሪያውን አደረሱ። ለእንግሊዝ ሆስፒታሎች 10,000 ታዘዘ። ከዚያም ንድፉን ሌሎች አገሮች እንዲሠሩበት በነጻ ሰጡ። ለፍጥነት የተሰጠ ዕውቀት ለታመመ ሰው እስትንፋስ ሆነ፤ በዚያም አላቆመም።

በእኛ ሥራ ደግሞ የዳን ዌስትን ታሪክ ማስታወስ ይገባል። ይህ አሜሪካዊ ገበሬ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ለተራቡ ሰዎች ወተት ሲያድል፥ የሚያስፈልጋቸው አንድ ኩባያ ወተት ሳይሆን ላም መሆኑን ተረዳ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1944 የመጀመሪያዎቹ 17 ጊደሮች ወደ ፖርቶ ሪኮ ተላኩ። ጊደር የተቀበለ ሁሉ የመጀመሪያዋን ሴት ጥጃ ለሌላ ችግረኛ ይሰጥ ዘንድ ቃል ይገባ ነበር። እንዲህ በማድረግ ትናንት ተቀባይ የነበረው ዛሬ ሰጪ ይሆናል፤ አንገቱንም ቀና ያደርጋል።

ነገር ግን አንድ ነገር ለይተን እንወቅ። የወደዱትን ማሳለፍ አንድ ነው፤ የጠሉትን መጣል ሌላ ነው። ለበዓል ከሚመጡልን ጆንያዎች ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ጥንዱ የሌለ ጫማ፥ ዚፑ የተበላሸ ሱሪ ይወጣል። በሚልክያስ 1፥8 ጌታ ዕውርና አንካሳ መሥዋዕት የሚያቀርቡትን፥ ይህን ለገዢያችሁ ብታቀርቡ ይቀበላችኋልን ብሎ ይጠይቃቸዋል። ያ ልጅ የሰጠው ከሁሉ የሚወደውን ነው። የሽቦ መኪናውን አስቀርቶ ቀዩዋን ሰጠ።

እንግዲህ ለዚህ ገና ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፥ የምትልኩት ለራሳችሁ ልጅ ብትሰጡት የማታፍሩበት ይሁን። ሁለተኛ፥ ከላካችሁ በኋላ ስጦታው ከተቀባዩ ጋር ፎቶግራፍ እንዲነሣ አትጠይቁን፤ በዚያን ጊዜ ለባሰበት ጎረቤት አልፎ ይሆናልና። ብርድ ልብሱን ከአራስ ጎረቤቷ ላይ ብታገኙት ደስ ይበላችሁ እንጂ አትቈጡ። ሦስተኛ፥ በግ ለመግዛት የምታዋጡ ወገኖች፥ የመጀመሪያዋ ሴት ግልገል የምትሰጠው የየትኛው ቤተ እምነት ሰው እንደ ሆነ ሳይጠየቅ በሰፈሩ ለባሰበት ቤት እንዲሆን ፍቀዱልን። ስጦታችን ሰውን ወደ እኛ መሳቢያ ገመድ እንዳይመስል፥ ከእኛ እጅ ከወጣ በኋላ ነጻ ይሁን።

እኔም በበኩሌ ዝርዝር በያዝሁ ቍጥር ያን ልጅ አስታውሳለሁ። እግዚአብሔር አንድያ ልጁን ሲሰጠን ለአንድ ቤት ብቻ አልሰጠም፤ የምሥራቹን አስቀድመው የሰሙት እረኞችም ሰምተው ዝም አላሉም፥ ለሌሎች አወሩ እንጂ። የተቀበልነውን ለራሳችን ብቻ ብንይዝ፥ በባዶ ሜዳ ላይ ብቻዋን እንደምትሮጥ መኪና እንሆናለን።

ጌታ ስጦታችሁን ይባርክ፤ በሚያልፍበትም እጅ ሁሉ ያብዛው። መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ። አሜን።