በባሕር ማዶ ስላሉት ባለ ሥዕል ብራናዎቻችን
(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር የተወሰደ)



ከወልድያ ተነሥቶ በመርሳና በውጫሌ በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው፥ ደሴ ከመግባቱ በፊት የሐይቅን ውሃ ያያል። በዚያ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ፥ በሥዕል ያጌጠ ወንጌል አለው። ለገዳሙ የሰጡት አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። በዚሁ ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። የዛሬው ንግግሬ ይህን ስለ መሰለ ዝርዝር ነው።

ብዙ ብራናዎቻችን እንደዚህ ወንጌል በቦታቸው ለመቅረት አልታደሉም። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን በያዘ ጊዜ ተዘረፉ፤ ከእነርሱም 350 ያህሉ ዛሬ በሎንዶን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ መርምሮ ዝርዝራቸውን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1877 አሳትሟል። ከዚያ ወዲህ የእኛን መጽሐፍ ለማጥናት የሚሻ ተማሪ፥ አስቀድሞ የራይትን ዝርዝር መግለጥ ግድ ሆኖበታል።

እንደዚሁም በአውሮፓ ሙዚየሞች ውስጥ የክታብ ጥቅልሎች አሉ። በጠባብ ብራና ላይ መላእክትና ዐይኖች የተሣሉባቸው፥ አንዳንዶቹም በባለቤቱ ቁመት ልክ የተሠሩ ናቸው። የባለቤቱ ስም በጥቅልሉ ላይ ይነበባል፤ ከየትኛው አጥቢያ እንደ መጣ ግን ብዙ ጊዜ የሚናገር የለም።

ይህ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። የጃፓን ጥንታዊ ባለ ሥዕል ጥቅልሎች አንዳንዶቹ በአሜሪካ በቦስተን ሙዚየም ይገኛሉ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1932 ስለ ሚኒስትር ኪቢ ጉዞ የሚተርከው ጥቅልል ለዚያ ሙዚየም ተሸጠ። ጃፓኖች በነገሩ ተቈጥተው በማግሥቱ ዓመት ሕግ አወጡ፤ ሕጉም በመዝገብ የገባ የጥበብ ሥራ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክል ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሕጉ የሚጠብቀው የተመዘገበውን ነው።

በእኛም ታሪክ ምስክር አለ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1864 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ጽፈው ከመቅደላ የተወሰደውን ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ መጽሐፉም ተመለሰ። ንጉሠ ነገሥቱ መጽሐፉን በስሙ ጠርተው፥ የአገሩ ሕግና የአብያተ ክርስቲያናቱ ስም የሚገኝበት መሆኑን ገልጸው ነበር። በውስጡ ያለውን የማያውቅ ሰው ይህን መጠየቅ ባልቻለም ነበር።

ዝርዝር ሌባን ይጠራል ብለው የሚሰጉ ሽማግሌዎች አሉ፤ ስጋታቸውም ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ዝርዝሩ በአደባባይ የሚለጠፍ ሳይሆን በአደራ የሚቀመጥ ይሁን። ሆኖም ሌባ ያለ ዝርዝርም ይመጣል። ልዩነቱ የሚታየው ዕቃው በሩቅ አገር በተገኘ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ የእኛ ነው ብሎ ለመናገር ማስረጃ ያስፈልጋል።

እናንተ በወልድያ፥ በመርሳና በሐብሩ ገጠር የምትሠሩ የመንግሥት ሠራተኞች፥ መጻፍና መመዝገብ የዕለት ሥራችሁ ነው። በየአጥቢያችሁ ገበዙንና ካህናቱን አስፈቅዳችሁ፥ እነርሱው ባሉበት የመጽሐፉን ስም፥ ርዝመቱንና ወርዱን፥ የቅጠሉንና የሥዕሉን ቍጥር ጻፉ። ከሁሉ ይልቅ በኅዳጉና በባዶው ገጽ ያለውን፥ ማን አጻፈው፥ ለማን ሰጠው የሚለውን ቃል ሳታስቀሩ ገልብጡ። ፎቶግራፍም አንሡ። አንዱ ቅጂ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፥ ሌላው በባህል ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።

የሐይቅ አባቶች ከሰባት መቶ ዓመት በፊት በብርዕና በቀለም የሠሩትን፥ ወረቀትና ፎቶግራፍ በእጃችን ያለን እኛ ብንተወው ምን ምክንያት እናቀርባለን?