በምንጭና በጅረት ዳር ወፎችን ስለ መመልከት



ልጅ ወንጭፍ ይዞ ወደ ምንጭ ሲወርድ ወፍን የሚያያት ሊመታት ነው። ወንጭፉን ትቶ ቢወርድ ግን ምን ያህል ትምህርት እንደሚያገኝ ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

የጅማ አገር ውሃ አልተነፈገም። አዌቱ ከተማውን አቋርጦ ይወርዳል፥ በአጠገቡም የቦዬ ረግረግ አለ፤ በአጋሮና በሊሙም ከቡናው ጥላ ሥር ምንጭ ይፈልቃል። በጅረቱ ዳር ሆዷ ቢጫ የሆነ፥ ጅራቷን ሳታቋርጥ የምትወዘውዝ ትንሽ ወፍ ከመስከረም ጀምሮ ትታያለች። የተፈለፈለችው በአውሮፓ ወይም በእስያ ነው፤ ክብደቷ ከ20 ግራም እምብዛም ሳይበልጥ ባሕርና በረሃ ተሻግራ ትመጣለች፥ በሚያዝያ ገደማም ትመለሳለች። ጂኦግራፊን ለማስተማር ከዚህች የበለጠ ካርታ አላውቅም።

የመስቀል ወፍ በመስከረም ብቻ መጥታ ትሄዳለች ይባላል። ነገር ግን በዚህ ስም ከምንጠራቸው ብዙዎቹ ከአገር አይወጡም፤ ወንዱ ለመራቢያ ያጌጠበትን ላባ በበጋ ጥሎ እንደ ሴቲቱ ዳለቻ ስለሚሆን ዓይናችን ይስተዋል። ተማሪዎች በየሳምንቱ ቢመለከቱ ልብሱ ሲለወጥ ራሳቸው ያዩታል።

በጅማ ዙሪያ ባሉት ረግረጎች ደግሞ በራሷ ላይ የወርቅ ክር ዘውድ የመሰለ ላባ ያላት ረጅም ወፍ አለች። ጎጆዋን በውሃማ ሣር መካከል ሠርታ 2 ወይም 3 እንቁላል ትጥላለች፤ ባልና ሚስት እየተፈራረቁ አንድ ወር ያህል ይታቀፋሉ። ረግረጉ ለእርሻና ለባሕር ዛፍ ሲደርቅ፥ ጭቃውም ለጡብ ሲቆፈር፥ መራቢያዋን ታጣለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2010 ወዲህ በዓለም ለመጥፋት ከሚያሠጉት ወፎች ጋር ተቈጥራለች። ረግረግ የባከነ መሬት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልቀበለውም፥ የክረምቱን ዝናብ ይዞ ለበጋ የሚያቆየው እርሱ ነውና።

ለመመልከት ከማለዳው በ12 ሰዓት መውጣት ይሻላል። መምህሩ ነጭ ነጠላውን በቤት ይተው፤ ወፎቹ ከሩቅ ያዩታል። ልጆቹ ከቍጥቋጦ ኋላ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ከዚያም ቀኑን፥ የወፊቱን መጠን ከርግብ ጋር አስተያይተው፥ የመንቈሯን ቅርጽ፥ መራመዷን ወይም መዝለሏን ይጻፉ። ደብተሩ የአንድ ልጅ ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ይሁን። በመጀመሪያው ገጽም የሽማግሌዎች ቃል ይጻፍበት፤ ይኸውም ባለ ዘውዷ ወፍ ቀድሞ በየትኛው ረግረግ ትፈለፍል እንደ ነበረ ነው።