ስለ ታላላቅ ፋይሎች ምርመራ
(በበዓሉ ዕለት በኮምፒዩተር ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ለዚህ በዓል ከቀድሞ መምህራንና ተማሪዎች የቀረጽነውን ፊልም እንዴት ከጥፋት እንዳዳንነው፥ ያላዳንነውንም ጭምር እንነግራችሁ ዘንድ በፊታችሁ ቆመናል።

የክበባችን ኮምፒዩተር በሊኑክስ የሚሠራ ሲሆን የፋይል አቀማመጥ ሥርዓቱ ኤክስት 4 ይባላል። በተለመደው አሠራሩ አንዱን ፋይል ብቻ እስከ 16 ቴራባይት ድረስ ሊይዝ ይችላል። (በፍላሽ የምናውቀው ፋት 32 ግን 4 ጊጋባይት የሞላውን አይቀበልም፤ ስንቱ የሠርግ ፊልም በዚህ ምክንያት እምቢ ብሎናል!)

የእኛ ፋይል 90 ጊጋባይት ነበር። የካሜራውን ካርዶች ወደ አንድ ፋይል በሚያጣምር ፕሮግራም ስንገለብጥ መብራት ጠፋ። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ፋይሉ አሁንም 90 ነኝ ይላል፤ ፊልሙ ግን መካከሉ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል።

ቸኩለን ኤፍ.ኤስ.ሲ.ኬ. የተባለውን መርማሪ ልናስነሣ ስንል መምህራችን እጃችንን ያዙ። ዲስኩ በሥራ ላይ ሳለ መጠገን ሌላ ጥፋት ያመጣልና አስቀድሞ ከሥራ መነጠል አለበት። ነጥለን፥ ምንም ሳይነካ አይቶ ብቻ እንዲነግረን አዘዝነው። መርማሪው በ5 ዙር ይሠራል፤ በመጀመሪያው የእያንዳንዱን ፋይል መዝገብ፥ መጠኑንና የያዘውን ቦታ ያያል፤ በቀሩት ማኅደሮቹንና ቍጥሮቹን ያስተያያል። አንድም ስሕተት አላገኘም።

እኛ አጨበጨብን፤ መምህራችን ግን አልሳቁም። መርማሪው የጎተራውን መዝገብ እንጂ በጆንያው ያለው ጤፍ ይሁን ገለባ አያይምና። ዲ.ዩ. በሚባለው ትእዛዝ በዲስኩ ላይ በእውነት የተያዘውን ስንለካ 41 ጊጋባይት ብቻ ሆነ። ለካ ፕሮግራሙ ገና ሳይጽፍ መጠኑን 90 ብሎ አስመዝግቦ ኖሯል! ያልተጻፈው ክፍል ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ቀረ፤ ኤክስት 4 ደግሞ እንዲህ ያለውን ቀዳዳ እንደ ስሕተት አይቈጥረውም።

ስለዚህ ካርዶቹን ሳናጣምር ለየብቻ ገለበጥን፤ የምንጩንና የቅጂውንም አሻራ በሻ 256 አስተያየን። አንዱን ካርድ ግን «ተገልብጧል» ብለን ደምስሰነው ነበር። በእርሱ ላይ የተቀረጹት ከመጀመሪያዎቹ መምህራን አንዱ የሆኑ አዛውንት ናቸው። ከቤታቸው ሄደን ይቅርታ ለመንናቸው። «ምንም አይደል ልጆቼ» ብለው ደግመው ሊነግሩን ፈቀዱ። ነገር ግን ስለ መጀመሪያው የትምህርት ቀን የተረኩት በሁለተኛው ጊዜ አጠረ፤ የአንዲት ተማሪ ስምም ጠፋባቸው። ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ የምታዩት ይኸው ሁለተኛው ነው።