የሚያስታምሙንን ማመስገን ለሥራቸው ምን ይጨምራል?

(በናይሮቢ በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔ ባለሱቅ ነኝ። ስለ ሕክምና የማውቀው እንደ ማናችሁም ታምሜና አስታምሜ ነው፤ ስለ ሠራተኛ ግን ትንሽ አውቃለሁ። ሒሳቡን አስተካክሎ የዘጋን ልጅ «ጎበዝ» ካላሉት፣ ውሎ አድሮ የሚጠነቀቀው ጌታው ሲያየው ብቻ ይሆናል። ነርስ ደግሞ ብዙውን ሥራዋን የምትሠራው ማንም በማያያት ሰዓት ነው። በሌሊት እጇን ታጥባ ወደ ሚቀጥለው አልጋ መሄዷን ማን ይቆጥርላታል?

ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በፌስቱላ ታማ ለሕክምና አዲስ አበባ የመጣች የገጠር ልጅ ነበረች። ከታከመች በኋላ እዚያው አልጋ በማንጠፍ ሥራ ጀመረች። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን የእጇን ብልህነት አይተው ቀዶ ሕክምና አስተማሯት። ቀለም ሳትቆጥር ለብዙ እናቶች ደረሰች፣ ሐኪሞችንም አሠለጠነች። በ1989 እ.ኤ.አ. ከለንደን የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመች። እኔ ግን ከሜዳሊያው ይልቅ የመጀመሪያውን አስበልጣለሁ፤ አልጋ አንጣፊዋን አይቶ መሣሪያ ማስያዙን።

በምንኖርበት በኬንያም የመንደር ጤና ሠራተኞች አብዛኞቹ ለዓመታት ያለ ደመወዝ አገልግለዋል። በ2023 ወደ 100,000 ለሚሆኑት የደም ግፊትና የስኳር መለኪያ ያለበት ቦርሳ ተሰጣቸው፤ በወርም 5,000 ሽልንግ ተቆረጠላቸው። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ቢሆንም ቦርሳውን ያነገተች ሴት በር ስታንኳኳ ማን እንደሆነች ይታወቃል።

«ምስጋና እንጀራ አይሆንም» የሚለኝ ይኖራል። እውነቱን ነው። የኬንያ የመንግሥት ሐኪሞች ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ 100 ቀን ሥራ ያቆሙት ለምስክር ወረቀት አልነበረም። ደመወዙ ለዘገየበት ሰው ኬክና ጭብጨባ ስድብ ነው። ሽልማቱ በየዓመቱ ለአለቃው ወዳጅ ከሆነም የቀሩትን ያሰንፋል እንጂ አያተጋም።

ኮሚቴያችን ለአንዲት ነርስ ዋንጫ ለመስጠት ማሰቡን ሰምቻለሁ። አልቃወምም። ግን እያንዳንዳችን ያስታመመችንን ነርስ በስሟ ጠርተን፣ ያደረገችልንን በሁለት መስመር ጽፈን ለአለቃዋ ብንሰጥና በፋይሏ እንዲያያዝላት ብንጠይቅ ይበልጥ ይጠቅማታል፤ እድገት ሲመጣ የሚታየው ፋይል ነውና። ወረቀቱንና ፖስታውን ከሱቄ ውሰዱ፤ ለዚህ ጉዳይ ሒሳብ አልቀበልም።