ከፍርስራሽ የሚተርፈው ማነው?

አቅራቢ 1፦ አድማጮቻችን፣ ሮማን ፖላንስኪ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ፒያኒስቱ» የተሰኘው ፊልም የሚያሳየን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፈረሰችውን ዋርሶን ነው። ባለታሪኩ ሽፒልማን ጦር አይመራም፤ ይደበቃል፣ ይራባል፣ ይተርፋል።

አቅራቢ 2፦ የወደድኩለትም ይህንኑ ነው፣ ወንድሜ። የእኛ የጦርነት ወግ ግን ከነገሥታት አይወርድም። በ1887 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ወደ ወላይታ ሲዘምቱ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና መማረካቸውን ሁላችን እናወራለን።

አቅራቢ 1፦ ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬስ?

አቅራቢ 2፦ እሱማ ተረሳ! ዘመቻውን የተከተለው ፈረንሳዊ ቫንደርሄም እልቂቱን ጽፎታል። የተረፉት በማግስቱ ምን በሉ? የእንሰቱ ጉድጓድ ስንቱን አዳነ?

አቅራቢ 1፦ ፊልም የሚያስፈልገው ይህ ጥያቄ ነዋ!

አቅራቢ 2፦ እንግዲህ የወላይታ ሶዶ ወጣቶች፣ ካሜራ ከማንሳታችሁ በፊት አረጋውያኑን ጠይቁ፤ በወላይትኛ ቅረጹ።