እማሆይ፣ እንዴት አደሩ?



በመንዝ ደጋ፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሥር ካለችው፣ ግድግዳዋ ድንጋይ፣ ክዳኗም የጓሳ ሣር ከሆነው ጎጆ፣ ባና የተከናነቡ አንዲት አረጋዊት መነኩሲት መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ይወጣሉ። ቀስ ብለው ይወጣሉ። ኪዳን ካስደረሱ በኋላም ከጽድ ዛፉ አጠገብ ፀሐይ ይሞቃሉ።

አበው ጧሪ ቀባሪ ላጣ አረጋዊ ማረፊያ ያበጁለት በዚህ መልክ ነበር። ልጅ የሞተበት፣ ባል የሞተባት፣ ጉልበት የከዳው፣ ቆብ ደፍቶ ወደ ደብሩ ይጠጋል፤ በሰንበትም ተራው የደረሰው የሰንበቴ ማኅበርተኛ ዳቦውንና ጠላውን ወደ ሰንበቴ ቤቱ ያመጣና፣ ካህኑ ከባረከው በኋላ ነዳያን ይካፈሉታል። በዘመናችንም መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመሥርቶ ይህንኑ ምግባረ ሠናይ በሰፊው ይፈጽማል፤ እግዚአብሔር ያጽናው።

እኔን ግን ዘወትር የሚገርመኝ የሰንበቴው ዳቦ ነው። አንድ ቡራኬ የወረደበት አንድ ዳቦ ነው። ለባለጸጋውም ያው፣ ለነዳዩም ያው። የሰጠውና የተቀበለው በአንድ ጣሪያ ሥር ይቀምሱታል፤ ይጨዋወታሉም።

እኛ ግን በደጀ ሰላም ለተቀመጡት ነዳያን ሳንቲም ጥለን እንሄዳለን። ፊታቸውን ሳናይ እንሄዳለን። ስማቸውን ሳንጠይቅ እንሄዳለን።

ወገኖቼ፣ ዛሬ በደጀ ሰላም ስታልፉ ጥቂት ቆም በሉ። «እማሆይ፣ እንዴት አደሩ?» በሉ። መልሳቸውንም እስኪጨርሱ ስሟቸው።